ልክ የሆነ ፍሬም፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ለትራያትሎን ያገለገለ ብስክሌት መፈለግ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባለ ስንት ጎማ?» ተብሎ ነው። ባለ 20 ለልጅ፣ ባለ 26 ለአዋቂ፣ ባለ 28 ደግሞ ለረጅም ሰው እንደሆነ ይታሰባል፤ ለሰፈር መንገድና ለገበያ መመላለሻ ይህ ግምት ብዙም ጉዳት የለውም። ለውድድር ለሚገዛ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። የጎዳና ውድድር ብስክሌቶች፣ በጣም ትንንሾቹ ካልሆኑ በቀር፣ ለአጭሩም ለረጅሙም ሰው የሚሠሩት 700 በሚባለው በአንድ ዓይነት ጎማ ስለሆነ፣ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴትና 190 የሚደርስ ወንድ አንድ ዓይነት ጎማ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ባለው ፍሬም ላይ ነው። ባገለገለ ብስክሌት ላይ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ኮርቻውና መሪው በጊዜና በገንዘብ ይለወጣሉ፤ የፍሬሙን ልክ ግን ከተገዛ በኋላ የሚለውጥ ባለሙያ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውነትን ለክቶ፣ ቁጥሩን ይዞ መፈለግ፣ ከቁጥሩ የራቀውን ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትቶ መሄድ ያስፈልጋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ይህን ጉዳይ በቅርቡ እንደገና እንዳስብበት ያደረገችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሯጭ ናት፤ የቅልጥሟ አጥንት ሕመም ሲመላለስባት ሐኪሙ ሩጫውን ቀንሳ ሌላ እንቅስቃሴ እንድትጨምር መከራት፤ እሷም ከዋናና ከብስክሌት ጋር ተዋወቀች፣ ቀስ በቀስም ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ትራያትሎን ልቧን ወሰደው። ስፖርቱ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ሲሆን የተያዘው ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ አጭሩ ውድድር የዚህ ግማሽ ነው። ከደብረ ብርሃን ጫጫ ደርሶ መመለስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ የብስክሌቱን ርቀት የምንለማመድበት መንገድ ደጃችን ላይ ተዘርግቷል። የጎደለው ብስክሌቱ ነበር፤ አዲሱ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ያገለገለ መፈለግ ግድ ሆነ፤ ከእሷ በፊት ብስክሌት የለመድኩት እኔ በመሆኔም የመምረጡ ኃላፊነት ወደ እኔ መጣ።

ወደ ጫጫ የሚወስደውን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ነፋሱን ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ አየሩ ስስ መሆኑ ብስክሌተኛውን በጥቂቱ ቢያግዘውም ለሳንባው የሚደርሰውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ የደጋው ነፋስ ደግሞ ከፊት ሲመጣ ጥቅሙን መልሶ ስለሚወስደው፣ ጉልበትን በቁጠባ መያዝ ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያወጣው አየሩን ለመግፋት ነው፤ አየሩን በይበልጥ የሚጋፈጠውም ብስክሌቱ ሳይሆን የነጂው ደረትና ትከሻ ነው። የትራያትሎን ሰዎች ክርናቸውን በመደገፊያ ላይ አሳርፈው፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ዝቅ አድርገው የሚነዱት ለዚህ ነው። ይህ አቀማመጥ በውድድር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ የሚያዝ በመሆኑ፣ በልኩ ባልሆነ ፍሬም ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚቻለው ነገር እስከ መጨረሻው የሚዘለቅ አይሆንም።

ፍሬሙ ሲበልጥ የሚሆነውን ብዙ ሰው ያቃልለዋል። መሪው ስለሚርቅ ክንድ ደርቆ ይዘረጋል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ነጂው ሳያውቀው ወደ ኮርቻው ጫፍ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ዳሌው በኮርቻው ላይ በእኩል ስለማያርፍም ወገቡ ያለማቋረጥ ይጎተታል። ፍሬሙ ሲያንስ ደግሞ ጉልበት ክርንን ሊነካ ይደርሳል፣ ክብደቱ ሁሉ በእጅ ላይ ይወድቃል፣ ሆድና ጭን ተጨናንቀው ትንፋሽ ያጥራል። ብስክሌት ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ሁሉ ችሎ ቤቱ ገብቶ ሊያርፍ ይችላል። የትራያትሎን ተወዳዳሪ ግን ከብስክሌቱ ወርዶ ጫማ ቀይሮ ወዲያው ይሮጣል፤ በዚያች ቅጽበት ወገቡ የታሰረ፣ የጭኑ የኋላ ጡንቻ የተኮማተረ ከሆነ፣ ሩጫው የሚጀምረው በተጎዳ ሰውነት ነው። የወንድሜ ልጅ ያላት ትልቁ ሀብት ሩጫዋ ነው፤ ያንን ሀብት ለሩጫ በማያደርሳት ብስክሌት ላይ እንድታባክነው አልፈለግሁም። ሁለት ቁጥር በሚበልጥ ጫማ ልሩጥ የሚል ሯጭ እንደሌለ ሁሉ፣ በማይሆን ፍሬም ላይ 40 ኪሎ ሜትር ልንዳ ማለትም ሊኖር አይገባም።

ልኬቱ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጫማ አውልቆ፣ ተረከዝን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ እግርን በጥቂቱ ከፍቶ መቆም፤ ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ በጭኖች መካከል ይዞ፣ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ ያህል ወደ ላይ መግፋት፤ ሌላ ሰው በመጽሐፉ የላይ ጠርዝ ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግና ከወለሉ ጀምሮ በሜትር መለካት ነው። መጽሐፉ እንዳይዘም ማዕዘኑን ከግድግዳው ጋር ማስተካከል፣ ደግሞ ደጋግሞ መለካት ይጠቅማል። የእሷ ቁመት 164፣ የእግሯ የውስጥ ርዝመት ደግሞ 77 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህ ቁጥር በ0.883 ሲባዛ፣ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል፣ ከዚህ በኋላ እምብርት ከምለው ቦታ፣ እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባውን ርቀት ይሰጣል፤ ለእሷ 68 ሴንቲ ሜትር ነው። ያው ቁጥር በ0.65 ሲባዛ ደግሞ በድሮው አሠራር የፍሬሙን መጠን ያመለክታል፤ ይኸውም 50 ነው። ሁለቱም መነሻ ናቸው፤ የእግር መዳፍ ርዝመትና የጡንቻ መተጣጠፍ ከሰው ሰው ስለሚለያይ በኋላ በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ማስተካከያ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ሥራ ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትር የሳተ ፍሬም በማስተካከያ አይድንም።

በድሮው አሠራር ያልኩት በምክንያት ነው። ቀደም ሲል የላይኛው ቱቦ ከመሬት ጋር ትይዩ ስለነበረ ኮርቻ የሚተከልበትን ቱቦ ብቻ ለክቶ የብስክሌቱን ልክ ማወቅ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ እያዘቀዘቀ ስለሚሠራ፣ ፋብሪካዎችም የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ የአንዱ 52 ከሌላው 54 ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ግራ መጋባት የሚያወጡት ሁለት ልኬቶች ናቸው፦ አንደኛው ከእምብርቱ እስከ ፊት ቱቦው፣ ማለትም መሪው እስከሚተከልበት ቱቦ፣ አናት ያለው ቀጥ ያለ ከፍታ፣ ሁለተኛው በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አግድም ርቀት። ሁለቱንም በግድግዳና በሜትር መለካት ይቻላል። ብስክሌቱን በተስተካከለ ወለል ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ የኋላ ጎማውን ከግድግዳ ማስነካት፤ ከግድግዳው እስከ እምብርቱ መሃል፣ ቀጥሎም ከግድግዳው እስከ ፊት ቱቦው አናት መሃል በአግድም መለካት፤ የፊተኛው ከሁለተኛው ሲቀነስ የሚቀረው አግድም ርቀቱ ነው። ከወለሉ ወደ ላይም በተመሳሳይ መንገድ ሲለካ ከፍታው ይገኛል። ለእሷ የፈለግሁት አግድሙ ከ36 እስከ 37.5፣ ከፍታው ከ50 እስከ 52.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነበር። አግድሙን ወደ አጭሩ ያደላሁት ክርን በመደገፊያ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ይበልጥ ወደፊት ስለሚዘረጋ ነው።

ቁጥሩን ይዘን ፍለጋ ስንጀምር የገበያው ጠባይ ወዲያው ታየን። በአዲስ አበባም ሆነ በቴሌግራም ለሽያጭ የሚቀርቡት ያገለገሉ የውድድር ብስክሌቶች ካየኋቸው ብዙዎቹ 56ና 58 ናቸው፤ ቀድሞ የነዷቸው ረጃጅም ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሻጮች ልክ ሲጠየቁ «ለማንም ይሆናል፣ ኮርቻው ዝቅ ይላል» ይላሉ። ኮርቻው ዝቅ ማለቱ እውነት ነው፤ በ56 ፍሬም ላይም እስከ 68 ሴንቲ ሜትር ድረስ ማውረድ ይቻላል፤ ፔዳል ላይ እግር በትክክል ሲደርስም ገዢው ልኩን ያገኘ ይመስለዋል። ዝቅ ያለው ኮርቻ ግን መሪውን አያቀርበውም፤ ረጅሙን የፊት ቱቦም አያሳጥረውም። ስለዚህ ነጂዋ ወደፊት ከሚገባት በላይ ተዘርግታ፣ ከነፋሱ ለመሸሸግ ዝቅ ማለት ግን ሳትችል ትቀራለች።

በዚህ ጉዳይ ከወንድሜ ልጅ ጋር የተከራከርነው ስለ አንድ ካርቦን ብስክሌት ነው። ቀለሙ ያልተነካ፣ ቀላል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ያልራቀ 56 ነበር፤ አዲስ አበባ ሄደን ስናየው ዓይኗ እዚያው ቀረ።

«አጎቴ፣ መሪው ከራቀ አጭር አንገት እናስገባለታለን እኮ» አለችኝ።

«ስንት እናሳጥረው?» አልኳት።

«አራት፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃኛል።»

መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው አንገት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ብስክሌት ላይ የነበረው 11 ሲሆን፣ አምስት ሲቀነስለት 6 ይቀራል። ይህን ያህል ሲያጥር መሪው በትንሽ እንቅስቃሴ የሚወዛወዝ ይሆናል፤ ያም ሆኖ የፊት ቱቦው ርዝመት እንዳለ ነው። ይህን ነገርኳት፤ ቅር እያላት ተመለስን። ሻጩ ቅን ሰው ነበር፤ «ለእህታችን የሚሆን ካገኘሁ እደውላለሁ» ብሎ ልኩን ጻፈ። በእኔ እምነት ከፍለጋው ሁሉ ጠቃሚው ውሳኔ ያ ብስክሌት ሳይገዛ መቅረቱ ነው፤ እዚህ አገር ሌላ መቼ ይገኛል የሚለው ስጋት ብዙ ወጣት የማይሆነውን እንዲገዛ እንደሚያደርግ ስለማውቅ፣ መታገሥም እንደ ልምምድ ሁሉ የዝግጅቱ አካል ተደርጎ እንዲቆጠር እወዳለሁ።

ለእኛ መንገድ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን አቋርጦ፣ በጣሊያን ጊዜ በተሠራው ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ቁልቁለቱን ከቀጠለ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። መታጠፊያው ብዙ ነው፣ ጉሙ ይወርዳል፣ ከባድ መኪኖች ይተላለፋሉ። በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በሙሉ እጅ መያዝ፣ ክብደትን በሁለቱ ጎማዎች ላይ ማከፋፈል፣ በመታጠፊያም ሰውነትን ከብስክሌቱ ጋር ማዘንበል የሕይወት ጉዳይ ነው። ፍሬን ለመድረስ መንጠራራት ያለባት ነጂ ይህን ልታደርግ አትችልም። ለትራያትሎን ብቻ የተሠራውን ብስክሌት ሳይሆን ተራውን የጎዳና ብስክሌት የመረጥኩላትም ለዚህ ነው፤ በኋለኛው ላይ ማርሹና ፍሬኑ በአንድ እጅ መያዣ ስለሚገኙ በቁልቁለትም በሰው መሐልም ይታዘዛል፤ የክርን መደገፊያው በሜዳ ላይ መኪና በሌለበት ብቻ የሚያገለግል ተጨማሪ ሆኖ ይገጠምለታል።

ሻጩ ቃሉን ጠብቆ ደወለ። የአሉሚኒየም ፍሬም ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ጎማዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ከመሄዳችን በፊት ሜትር ዘርግቶ ፎቶ እንዲያነሳልን ለመንነው፤ አግድሙ 37፣ ከፍታው 51.5 ሆኖ ተገኘ። ደርሰን በራሳችን ሜትር አረጋገጥነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ቀጥሎ የሚመረመረው ጤንነቱ ነው፤ እዚህም ላይ አንዱ ምርመራ ከልክ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ለዓመታት ሳይነቀል ከቆየ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ልኩ የሆነ ፍሬም እንኳ የቀድሞው ባለቤት እግር ልክ ላይ እንደተቆለፈ ይቀራል። ብሎኑን አላልተን ቱቦው በእጅ ሲዞርና ሲወጣ ማየታችን ትልቅ እፎይታ ነበር። ቱቦው ላይ «ከዚህ በላይ አይውጣ» የሚል የፋብሪካ ምልክት ስላለ፣ ኮርቻው በ68 ላይ ሲሆን ምልክቱ ፍሬሙ ውስጥ መሆኑንም አየን። ቀጥሎ ከፊት ቱቦው ሥር ያሉትን ብየዳዎች በእጅ ባትሪ ተመለከትን፤ ብስክሌት ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ቀለሙ እዚያ ይጨማደዳል ወይም ይሰነጠቃል። ካርቦን ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ሊቀር ስለሚችል፣ ታሪኩን የማላውቀውን ያገለገለ ካርቦን ለጀማሪ አልመክርም።

ካቴናው አርጅቷል። አዲስ ካቴና ከፒን እስከ ፒን 24 እርምጃ ሲቆጠር 30.48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 30.6 ካለፈ መለወጥ አለበት፤ ወደ 30.8 ከተጠጋ ደግሞ የኋላውን ጥርሶች አብሮ በልቷቸዋል። የእኛው 30.8 ላይ ስለነበር ሁለቱም እንደሚለወጡ ቆጥረን በዋጋው ላይ ተነጋገርን። ቸርኬውና ኩሽኔታዎቹ ደህና ነበሩ።

ደብረ ብርሃን ስንመለስ ብስክሌቱን ለአንድ አዛውንት ጠጋኝ አሳየነው። «ሴት ልጅ በዚህ ብርድ ብስክሌት ትንዳ ትላለህ?» አሉኝ በመጀመሪያ። እሷ ናት የመለሰችላቸው፦ «ጋሼ፣ ሩጫውስ በዚሁ ብርድ አይደለም እንዴ?» ሳቁና ኩሽኔታዎቹን ፈትተው ቅባት ይቀይሩ ጀመር። እየሠሩም ስለ ድሮ ብስክሌተኞች አነሱ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ አገራችን ኦሎምፒክን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችንም አሰልፋ በጎዳናው የቡድን ውድድር 9ኛ እንደወጣች ወጣቶቻችን ሊያውቁት ይገባል። ሩጫውን የተማርን ሕዝብ ብስክሌቱንም ጀምረነው ነበርና።

ገና ያልጨረስነው ኮርቻውን ወደፊት የማምጣቱን ሥራ ነው። የጎዳና ብስክሌት ኮርቻ የሚተከልበት ቱቦ ከአግድሙ ጋር ያለው ማዕዘን ከ72 እስከ 74 ዲግሪ ሲሆን፣ ለትራያትሎን የተሠራው ከ76 እስከ 80 ይደርሳል። ነጂዋ ወደፊት ስትመጣ ጀርባዋ ዝቅ ቢልም በጭኗና በሆዷ መካከል ያለው ቦታ አይጠብም፤ ትንፋሿ አይታፈንም፣ እግሯም ለሩጫው ተላቆ ይወርዳል። በ68 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት 1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንንሽ ፍሬሞች ከመጀመሪያው ቀጥ ብለው ስለሚሠሩ የእሷ 74 ነው፣ ወደ 76 ተኩል ለማድረስም 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ኮርቻው በሐዲዱ ላይ ሁለቱን ሄዷል፤ ለቀሪው ወደ ኋላ የማያጋድል ቀጥ ያለ የኮርቻ ቱቦ እየፈለግን ነው። ኮርቻ ወደፊት በመጣ ቁጥር ወደ ፔዳሉ ስለሚቀርብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግም አይዘነጋም።

የፔዳሎቹ ክንዶች 172.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለእሷ እግር 165 ቢሆን እመርጣለሁ፤ ረጅም ክንድ ጉልበቷን ከላይ ሲያዞር ወደ ደረቷ አብዝቶ ያስጠጋዋል። ይህ ግን የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ አሁን ባለው እየነዳች እስክናገኝ እንጠብቃለን። ለጊዜው የክርን መደገፊያውን አልገጠምንም፤ አካሏ አዲሱን አቀማመጥ እስኪለምድ ድረስ ወደ ጫጫ በመደበኛው መሪ ትነዳለች፤ ስትመለስ ብስክሌቱን አስቀምጣ ወዲያው ጥቂት ትሮጣለች። ጉልበቷ ከፊት በኩል ካመማት ኮርቻውን ከፍ እናደርጋለን፣ ከጉልበቷ በስተኋላ ካመማት ዝቅ እናደርጋለን፤ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አንነካም፣ የነበረበትንም ቦታ ቱቦው ላይ በፕላስተር ምልክት እናደርጋለን።